የሚስት ዘመድ ይቀድማል

ሰው ፊት ቆሞ «አይሆንም» ማለት የሚቀላችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? እጃችሁን እንዳታወጡ፣ አላምናችሁም። እናንተ አይደላችሁ እንዴ «ነገ እደውልልሃለሁ» ብላችሁ ስልክ የምታጠፉት? «እስቲ እናያለን» ብላችሁ መንገድ የምትቀይሩት? እኔ ግን እችላለሁ። ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም፤ ትዕግሥት ስለሌለኝ ነው። ልጅ ሆኜ ሰው ቤት «ብዪ እንጂ» ስባል «አልበላም፣ ጨው በዝቶበታል» ብዬ እናቴን ላብ በላብ አድርጌያታለሁ። ይሄ አመል አንድ ቀን ሥራ ያስቀጥርሻል ያለኝ ሰው ግን አልነበረም።

አስቀጠረኝ። ተመርቄ ስድስት ወር እቤት ከተቀመጥኩ በኋላ አንድ ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ። ቢሮው ካዛንቺስ፣ ታች ሥጋ ቤት ያለበት ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሕንጻው ሊፍት አለው። በሩ ላይ «በጥገና ላይ ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ወረቀቱ ሲያረጅ በአዲስ ይቀየራል፤ ሊፍቱ ግን ያው ነው።

«ድክመትሽ ምንድነው?» አለኝ ሥራ አስኪያጁ። ዳዊት ይባላል፣ ሠላሳ ቢሞላው ነው። «እዚህ ቤት አንቱ የለም» ብሎ ነው ወሬውን የጀመረው።

«እምቢ እላለሁ» አልኩት። ማለቴ፣ የተዘጋጀሁበት መልስ ሌላ ነበር፤ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሽ ሲያጥረኝ ጠፋብኝ።

ከወንበሩ ሊነሳ ምንም አልቀረው። «ይሄንን ነው እኮ ስንፈልግ የነበረው! እምቢ የሚል ሰው!»

ልብ በሉልኝ። እምቢ የሚል ሰው የሚፈልግ አለቃ ማለት፣ ሌላውን ሰው እምቢ የምትሉለት ሰው የሚፈልግ አለቃ ማለት ነው። ይሄን የተማርኩት በኋላ ነው። ለጊዜው አርባ አምስት ቀን የሙከራ ጊዜ ተሰጠኝ፤ ካለፍኩ ቋሚ ነኝ፣ ካላለፍኩ ወደ እናቴ ሳሎን ተመልሼ የጎረቤት ሰው በመጣ ቁጥር «ሥራ አላገኘሽም እንዴ?» ስባል እኖራለሁ። ያን ጥያቄ ስድስት ወር ሰምቼዋለሁ። ሰባተኛውን ወር ከምሰማ ሊፍቱን ራሴ ብጠግን እመርጣለሁ።

የሥራ መደቤ ፕሮዳክት ኦውነር ይባላል። የዕቃው ባለቤት እንደማለት ነው። ባለቤት ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ቀስ ብዬ ሳየው ግን ከዕቃው የኔ የሆነው ስድቡ ብቻ ነበር።

ዕቃው ምን መሰላችሁ፣ የወረፋ ሲስተም ነው። ክሊኒክ ወይ ጋራዥ ስትገቡ ቁጥር ያለው ወረቀት ትቆርጣላችሁ፣ ትቀመጣላችሁ፣ ስክሪኑ ላይ ቁጥራችሁ ይመጣል፣ አንዲት ሴት በድምፅ ማጉያ ትጠራችኋለች። ሴትየዋ እኔ ነኝ። ባለሙያ ከምንቀጥር ብለው በሁለተኛው ቀኔ መታጠቢያ ቤት አስገቡኝና፣ ኪሩቤል ስልኩን አፌ ሥር ይዞልኝ ከአንድ እስከ መቶ ቆጠርኩ። «ቁጥር አሥራ ሁለት፣ እባክዎ ወደ መስኮት አንድ ይሂዱ።» ኪሩቤል ኮዱን የሚጽፈው ልጅ ነው፤ ጆሮ ማዳመጫውን ከጆሮው የሚያወርደው ለሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ለምሳና መብራት ሲጠፋ።

ዳዊት ደግሞ ናይሮቢ አምስት ቀን ሰልጥኖ አጃይል የሚባል ነገር ይዞልን መጥቷል። ነገሩ ሲነገር ቀላል ነው። ሥራ በሁለት ሁለት ሳምንት ይቆረጣል፣ ስፕሪንት ይሉታል። ደንበኛ የሚፈልገው ነገር በቢጫ ወረቀት ተጽፎ ግድግዳ ላይ በተራ ይለጠፋል። የቱ እንደሚቀድም የዕቃው ባለቤት ትወስናለች። አንዴ ስፕሪንቱ ከተጀመረ ማንም መሃል ገብቶ «ይቺንም ጨምሩልኝ» አይልም። ጠዋት ጠዋት ሁላችንም ቆመን አሥራ አምስት ደቂቃ እናወራለን፤ የሚቆመው ወሬ እንዳይበዛ ነው አሉ። ይሄን ያወጡ ፈረንጆች የኛ ሰው ተሰናብቶ ከተነሳ በኋላ በር ላይ ቆሞ ስንት ሰዓት እንደሚያወራ አይተው አያውቁም።

ግድግዳው እንግዲህ እሱም ወረፋ ነው። የኛን ወረፋ የሚሰብሩት ደግሞ ጋሽ መኮንን ነበሩ።

ጋሽ መኮንን ሽያጩን የያዙት ሰው ናቸው። ወደ ስልሳ እየተጠጉ ነው፤ በዘመናቸው የጽሕፈት መኪና ሸጠዋል፣ ፎቶ ኮፒ ሸጠዋል፣ የውሃ ማጣሪያ ሸጠዋል። ደንበኛው ከሳቸው ዕቃ ገዝቶ ሲያበቃ አመስግኖ ምሳ ይጋብዛቸዋል። ካኪ ኮታቸውን ለብሰው፣ ቦርሳቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው ከተማውን በእግራቸው ይዞሩታል። አንድ ቃል አላቸው። «አለቀ» ይላሉ።

«መብራት ሲጠፋም ይሠራል?» ይላቸዋል ደንበኛው።

«አለቀ!»

«ስልክም ይደውላል?»

«አለቀ!»

ምንም አላለቀም። አልተጀመረም። እሳቸው ግን ማኪያቶ የጠጡበት ካፌ ሶፍት ላይ ይጽፉትና፣ ላባቸውን በሌላ ሶፍት እየጠረጉ ሦስተኛ ፎቅ ይወጣሉ፤ ከኔ ቢጫ ወረቀቶች ሁሉ በላይ በፕላስተር ይለጥፉታል። አንዳንዴ ላባቸውን የጠረጉበት ነው የሚለጠፈው። እሱን ማንበብ ይቀላል፤ ምንም አይልም።

የመጀመሪያው የመጣው ከመስቀል ፍላወር ነው፤ ከአንድ የሴቶች ፀጉር ቤት።

«ልጄ፣ የሙሽራ ቁልፍ ይጨመር» አሉኝ። «ሲጫኑት ሙሽራዋ ቀድማ ትገባለች።»

«በሚቀጥለው ስፕሪንት እናየዋለን፣ ጋሽ መኮንን።»

«ሙሽራ ወረፋ ትጠብቅ? ሠርጉ ቅዳሜ ነው እኮ!»

«ሙሽራዋ ቀጠሮ ትያዝ። አሁን አይሆንም።»

ፈገግ አሉ። ሰው «አይሆንም» ሲላቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ስለሆነ ቀልድ መስሏቸው ይሆናል። ከዚያ በምሳ ሰዓት ታች ሥጋ ቤት ወረድን፤ አንድ ትሪ ጥብስ ቀረበ፤ የሆነውን በዓይኔ አየሁ።

«ኪሩ፣ በሞቴ!» አሉት ኪሩቤልን።

ኪሩቤል አፉን ከፈተ። የጋሽ መኮንን ጉርሻ የሌላ ሰው ጉርሻ አይደለም። የሕፃን ጭንቅላት ያክላል። አንዴ ከገባ ለማኘክ አራት ደቂቃ ይፈጃል፤ በአራት ደቂቃ ውስጥ ደግሞ ስንት ነገር ይወሰናል።

«ያቺን የሙሽራ ቁልፍ ለሐሙስ ታደርሳታለህ አይደል?»

ኪሩቤል ዓይኑ እንባ አቅርሮ ራሱን ነቀነቀ። ምን ያድርግ፣ ራስን ወደ ጎን ለመነቅነቅ እንኳን ጉንጩ ቦታ አልነበረውም።

«አለቀ!» አሉ ጋሽ መኮንን።

ፎቅ ላይ ስንመለስ ጮህኩበት። «ስፕሪንቱ መሃል ላይ እኮ ነን! እምቢ አትልም?»

«አቦ ተይኝ» አለኝ። «አጉርሰውኝ እምቢ ልበል? ሰው አይደለሁም?»

እኔ ከዚህ ወጥመድ ያመለጥኩት በጥርሴ ነው። ያን ሰሞን የግራ መንጋጋዬን እያመመኝ ነበር፤ ጋሽ መኮንን ጉርሻ ጠቅልለው «በሞቴ» ባሉኝ ቁጥር ጉንጬን ይዤ «ጥርሴን!» እላለሁ። በቃ፣ እጃቸው ወደ ኪሩቤል ይዞራል። ልጁ በሁለት ሳምንት ሦስት ኪሎ ጨመረ፤ ሲስተሙም እኩል እየወፈረ ሄደ።

ቀጥሎ የቄራው ጋራዥ መጣ። የሥጋ መኪና ጸሐይ ላይ ቆሞ ወረፋ አይጠብቅም፣ የሥጋ መኪና ቁልፍ ይጨመር። አስቤው ልክ ናቸው አልኩ። ሥጋ ይበላሻል። እሺ አልኩ። ስህተቴ ይቺ ነበረች፤ ምክንያቱም ጋሽ መኮንን ሥጋው ካለፈ ሁሉም ያልፋል ብለው ተነሱ። የጋራዡ ባለቤት ጓደኛ ቁልፍ። የባለሥልጣን መኪና ቁልፍ። «የባለሥልጣን መኪና የሚመስል» ቁልፍ። ይሄን የመጨረሻውን እየቀለድኩ መሰላችሁ? ሶፍቱ እስካሁን አለኝ።

ከዚያ ባምቢስ አካባቢ ያለው የጥርስ ክሊኒክ መጣ። ይሄ ትልቁ ደንበኛችን ነው። ከወደደው ለሌሎቹ ሁለት ቅርንጫፎቹም ይወስዳል፤ ካልወደደው እኛም የምንበላው ጥብስ የለም። ጋሽ መኮንን ከዚያ ሲመለሱ በአንድ ሶፍት አልበቃቸውም፤ ፊትና ጀርባ ጽፈው ነው የመጡት። የዶክተሩ ዘመድ፣ የዶክተሩ ባለቤት ዘመድ፣ የዶክተሩ ጎረቤት፣ ከውጭ የመጣ እንግዳ፣ ደውሎ የመጣ፣ ሰው የላከው።

«ሰው የላከው ማለት ምንድነው?» አልኩ።

«ሰው የላከው ነዋ።»

«ሰው ያልላከው ማን አለ ታዲያ?»

ጠዋት ቆመን ስናወራ ኪሩቤል ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ጆሮ ማዳመጫውን ያለ ምሳ አወረደ። «ሁለቱ እኩል ቢመጡስ? የዶክተሩ ዘመድና የሚስቱ ዘመድ። ኮዱ ውስጥ አንዱ መቅደም አለበት።»

«የሚስት ዘመድ ይቀድማል» አሉ ጋሽ መኮንን ሳያመነቱ።

«ለምን?» አልኩ።

«አንቺ አላገባሽም፣ አይገባሽም።» ወደ ዳዊት ዞሩ። «ዳዊት፣ አንተማ ታውቃለህ።» ዳዊት አግብቷል። ራሱን ነቀነቀ፤ ፊቱ ላይ ያየሁት ሐዘን እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ኪሩቤልም የሚስት ዘመድን አስቀድሞ ጻፈ።

ሲስተሙ ክሊኒኩ ውስጥ ሰኞ ጠዋት ሥራ ጀመረ። በስድስት ሰዓት ተኩል ስልክ ተደወለ።

የሆነው ይሄ ነው። አንድ ሽማግሌ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መጥተው ቁጥር አሥራ ሁለት ቆርጠዋል። ወረቀቱ ላይ «ከፊትዎ ያሉ ሰዎች፦ አራት» ይላል። ተቀመጡ። ስክሪኑን አዩ። አራቱ አምስት ሆኑ። አምስቱ ዘጠኝ ሆኑ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ከፊታቸው አሥራ ዘጠኝ ሰው አለ። ዓለም ላይ ወደ ኋላ የሚሄድ ወረፋ መጀመሪያ የሠራነው እኛ ሳንሆን አንቀርም። ሽማግሌው በመጨረሻ ተነስተው፣ ከዘራቸውን ወደ ድምፅ ማጉያው ቀስረው፣ «አንቺ ሴትዮ! ምን በደልኩሽ?» አሉ። ማለቴ፣ እኔን ነው። ሕዝቡ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ቀረና ጩኸት ሆነ። ዶክተሩም ጓንታቸውን እንዳደረጉ ወጥተው ደወሉልን። «እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ዕቃችሁን ንቀሉልኝ» ብለው ዘጉት።

ከታች የጥብስ ሽታ ይመጣል። በዚህ መሃል ጋሽ መኮንን ቦርሳቸውን ከፍተው ሶፍት አወጡ።

«መፍትሔው ቀላል ነው» አሉ። «ከነዚህ ሁሉ በላይ የሆነ አንድ ልዩ ቁልፍ። ዋናው ዘመድ የሚባል።»

«አይሆንም!» አልኩ።

አልኩ ስላችሁ፣ ታች ሥጋ ቤት ያለው ሰውዬ ሳይሰማው አይቀርም። «አይሆንም፣ ጋሽ መኮንን! ሁሉም የሚቀድምበት ወረፋ ወረፋ አይደለም! ግፊያ ነው! ግፊያ ደግሞ ድሮም ነበራቸው፣ ያለ ኮምፒውተር!»

ጋሽ መኮንን ሶፍቱን አጥፈው ወደ ቦርሳቸው መለሱ። አልተቆጡም፤ ተቆጥተው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። «እኔ እንኳን ደንበኛ ደስ እንዲለው ብዬ ነው፣ ልጄ» ብለው ቀስ ብለው ወጡ። ያ ዓይነት አወጣጥ አለ አይደል፣ በሩን ሳይዘጉት የሚሄዱት።

«ለትልቅ ሰው እንዲህ አይባልም» አለኝ ዳዊት።

«እምቢ እንድል አይደል የቀጠርከኝ?»

«እምቢ በይ አልኩ እንጂ...» ስልኩን አነሳና መልሶ አስቀመጠ። «በቃ፣ ነገ ክሊኒኩ ሂጂ። ለዓርብ መፍትሔ ይዘሽ ካልመጣሽ፣ የሙከራ ጊዜሽም እያለቀ ነው፣ ያው... እንነጋገራለን።»

ያው እንነጋገራለን። አያችሁ? እንደሚያባርረኝ እንኳን በግልጽ መናገር አቃተው። ማታ ቤት ስገባ እናቴ ፊቴን አይታ «ሥራ እንዴት ነው?» አለችኝ፤ «ጥሩ ነው» አልኩ። እኔም ዋሸሁ። ይሄ ነገር ይጋባል ማለት ነው።

በማግስቱ ክሊኒኩ ሄጄ ሲስተር ዘምዘም አጠገብ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው እሷ ናት፤ አርባ ዓመት ይሆናታል፣ ሳቋ የሚያሳርፍ ሴት ነች። ቁልፎቹን የምትጫነውም እሷ ናት። ዝም ብዬ አየኋት።

«ዘምዝዬ! እንዴት ነሽ? እማማስ? ወገባቸው ተሻላቸው?» አንዲት ሴትዮ ጠረጴዛው ላይ ተደገፈች።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናት።»

«ሁለት ደቂቃ ላሳየውና ልውጣ።»

ዘምዘም ቁልፍ ተጫነች። ሴትየዋ ገባች፤ ሁለቱ ደቂቃ ሃያ አምስት ደቂቃ ሆነ። ቀጥሎ አንድ ኮት የለበሰ ሰውዬ። «እህቴ፣ እኔ እንኳን ለመቅደም ብዬ አይደለም...» ብሎ ጀመረ። ተጫነች። ቀጥሎ ምንም ያላለ፣ ቆሞ ብቻ የተነፈሰ ሰው። እሱንም ተጫነችለት።

አሥር ሰው ስቆጥር ትዕግሥቴ አለቀ። «ሲስተር፣ ለምን ትጫኛለሽ?»

«ምን ላድርግ? ከቅድሟ ሴትዮ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነው የምንኖረው። ነገ እናቴ ብትወድቅ ሮጣ የምትመጣው እሷ ናት። እምቢ ብያት የት ልገባ?»

«ድሮ በመዝገብ ስትሠሩ ታዲያ እንዴት ነበር?»

ዓይኗ በራ። «ኧረ በመዝገብማ ገነት ነበርኩ! ሰው ‹አስቀድሚኝ› ሲለኝ ‹ውይ፣ መዝገቡ ዶክተር ጋ ገብቷል› እላለሁ። ገብቶ አያውቅም፤ እዚህ እግሬ ሥር ነው የሚቀመጠው። እነሱም ‹አይ እንግዲህ› ብለው ይቀመጣሉ። ማን ማንን ይቀየማል? እናንተ መጣችሁና መዝገቤን ወሰዳችሁብኝ። አሁን ቁልፉ ላይ ‹የዶክተር ጎረቤት› ተብሎ ተጽፏል፤ ጎረቤቱ እዚህ ቆሞ ያነበዋል! አይቻልም ልበለው?»

«እናንተ አይደላችሁ እንዴ ያን ቁልፍ የጠየቃችሁት?»

«ማን ጠየቀ?» አለች። «ጋሽ መኮንን ናቸው ‹የዶክተር ዘመድ የሚገባበት ይጨመርልሽ?› ያሉኝ። ትልቅ ሰው፣ በዚያ ጸሐይ በእግራቸው መጥተው፣ አልፈልግም ልበላቸው? ‹እሺ፣ ጥሩ ነው› አልኩ። ደስ ሲላቸው ጊዜ ‹የጎረቤትስ?› አሉኝ። ‹እሺ›። ‹ከውጭ የመጣስ?› በቃ፣ ደስ እያላቸው ሄደ፣ እንዴት ላቁማቸው?»

እስቲ አብራችሁኝ አስቡት። ጋሽ መኮንን ዘምዘምን ለማስደሰት ይጠይቃሉ። ዘምዘም ጋሽ መኮንንን ላለማስቀየም እሺ ትላለች። ኪሩቤል ጎርሶ እሺ ይላል። ዳዊት ሁሉንም እሺ ይላል። አንድ ሰው እንኳን ያልፈለገውን ስድስት ቁልፍ አራት ሰው በፍቅር ተባብሮ ሠራው። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ከነከዘራቸው እኔን ሰደቡኝ።

«አንቺስ ሌላ ቦታ ሄደሽ እምቢ ሲሉሽ ምን ይሰማሻል?» አልኳት።

«ሰው ከሆነ ዓመት አኮርፋለሁ» አለች። አሰብ አደረገችና ሳቀች። «‹ሲስተም የለም› ካሉኝ ግን ማንን ላኩርፍ? ተነስቼ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።»

በቃ። ከወንበሩ ተነስቼ ካዛንቺስ እስክደርስ አልቆምኩም፤ ሦስቱን ፎቅ እንዴት እንደወጣሁት አላስታውስም።

«ኪሩ! ቁልፎቹን በሙሉ አጥፋ። ሦስት ብቻ ይቅር፤ ደም የሚፈሰው፣ ነፍሰ ጡር፣ ሽማግሌ። ከዚያ አንድ ትልቅ ወርቃማ ቁልፍ ሥራ። ‹ልዩ ቅድሚያ› የሚል።»

«ሲጫኑትስ?»

«እምቢ ይላል።»

ኪሩቤል ጆሮ ማዳመጫውን ሙሉ ለሙሉ አወለቀ። «በናትሽ ድገሚው።»

«ዘምዘም ሰውዬው ፊት ትጫነዋለች። ሙዚቃ ያሰማል፣ ያስባል፣ ያስባል፣ ከዚያ ቀይ ይሆንና እምቢ ይላል። እሷ ሞክራለች። የከለከለው ማሽኑ ነው። ማንም አልተቀየመም።»

«ያበደ ነገር ነው» አለና አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሠራው። እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ድምፄን ቀዳሁ። «ይቅርታ፤ አይቻልም። እባክዎ ተራዎን ይጠብቁ።» አንዴ ብቻ ነው የቀዳሁት፤ ለዚህ ዓረፍተ ነገር ዕድሜዬን ሙሉ ስለማመድ ነበር።

የቀሩት ጋሽ መኮንን ነበሩ። ዶክተሩ የሚሰሙት እሳቸውን ነው፤ እሳቸው ካላስረዱ ማንም አይገባውም። «እምቢ የሚል ዕቃ ሸጬ አላውቅም!» አሉ፤ ፊታቸውን አዞሩ። ከሰኞው ወዲህ ገና አልታረቅንም።

እንግዲህ አንዳንድ ጊዜ ሰው የማይወደውን ይሠራል። በምሳ ሰዓት ታች ወረድኩ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ጥብሱ ሲቀርብ እንጀራውን ዘረጋሁ፣ ጠቀለልኩ፣ ጠቀለልኩ፤ ኪሩቤል በፍርሃት እያየኝ ነው።

«ጋሽ መኮንን፣ በሞቴ!»

ደነገጡ። ግን የኛ ሰው ናቸው፤ አፋቸው ተከፈተ። አስገባሁት። አራት ደቂቃ አለኝ።

«ይቅርታ፣ ሰኞ ጮህኩብዎት። ዕቃውን ይዘውልኝ ለዶክተሩ ያስረዱልኛል አይደል?»

ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ የጉርሻው ይሁን የይቅርታው አላውቅም። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አለቀ!» አልኩ።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ግን ያጎረሰ ሰው ሳይጎርስ እንደማይነሳ ረስቼዋለሁ፤ ጋሽ መኮንን አፋቸውን ጠርገው፣ ፊታቸው በርቶ፣ የዕድሜያቸውን ትልቁን ጉርሻ ጠቅልለው መጡ። «አንቺም በሞቴ!» «ጥርሴን» ልል ነበር። ልል ነበር እኮ! ግን አሁን የታረቅኳቸውን ሰውዬ እንዴት እምቢ ልበል? አፌን ከፈትኩ። ውስጡ አጥንት ነበረበት። ቋ! አለ። ሕይወቴን ሙሉ እምቢ ስል ኖሬ፣ አንዴ እሺ ብል ጥርሴ ተሰበረ።

ዓርብ ጋሽ መኮንን ክሊኒኩ ሄደው ዶክተሩን እንዲህ አሏቸው፤ «እርስዎን የማያስቀይም፣ ሲስተርን የማያስቀይም፣ ሁሉንም እኩል የሚከለክል ማሽን!» ዶክተሩ እዚያው ለሦስቱም ቅርንጫፍ ወሰዱ። የፀጉር ቤቷም ሰማች፣ «ለኔስ?» አለች። የቄራው ጋራዥ ሁለት ወርቃማ ቁልፍ ጠየቀ፤ አንዱ ለጓደኞቹ፣ አንዱ ለአማቱ። ጋሽ መኮንን «አለቀ» እያሉ ነው።

በአርባ አምስተኛው ቀን ዳዊት ጠራኝና የቋሚነት ደብዳቤ ሰጠኝ። ሳነበው አንድ ነገር ልንገርሽ አለና መሳቢያውን ከፈተ። ሌላ ደብዳቤ ነበር፤ የስንብት፣ በስሜ፣ ማኅተም ያለው። የተጻፈው በሠላሳኛው ቀኔ ነው።

«ለምን አልሰጠኸኝም?»

«ልሰጥሽ ስል ጥርስሽን እያመመሽ ጉንጭሽን ይዘሽ ትገቢያለሽ። እንዴት ልስጥሽ?» አለ። አንገቱን አቀርቅሮ።

ሳቅኩበት፤ ጥርሴ ስለሚያመኝ በግማሽ አፍ። የአገሩን ይሉኝታ አርባ አምስት ቀን ስረግም ከርሜ፣ ሥራዬን ያተረፈልኝ እሱ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ግን ነገሩ ባሰ። ግራ ጉንጬ አብጦ አንድ ዓይኔን ሊደፍነው ነው። ባምቢስ ሄድኩ፤ የትም ሌላ ቦታ አላሰብኩም። የኔ ሲስተም፣ የኔ ዘምዘም። ክሊኒኩ ግጥም ብሏል። ቁጥር ቆረጥኩ፤ ሠላሳ አራት። ወረቀቱን ኪሴ ከትቼ ቀጥታ ጠረጴዛው ጋ ሄድኩ።

«ሲስተር፣ አንዴ ብቻ ላሳየው... ሁለት ደቂቃ» አልኩ። አዎ፣ ይቺኑ ቃል። ከኔ አፍ።

«ውይይይ! የኔ ቆንጆ! ምን ሆነሽ? አንቺንማ አሁኑኑ!» አለችና ጣቷ ወደ ላይ ተነሳ። ወደ የትኛው ቁልፍ እንደሚወርድ አየሁት። ወርቃማው ነው።

ሙዚቃው ተሰማ። አሰበ። አሰበ። ስክሪኑ ቀላ።

«ይቅርታ፤ አይቻልም። እባክዎ ተራዎን ይጠብቁ» አልኩ እኔ፣ ከጣሪያው ድምፅ ማጉያ፣ አዳራሹ በሙሉ እየሰማ።

ዘምዘም ደረቷን ይዛ «አየሽ? እኔ እኮ ፈልጌ ነበር! ሲስተሙ!» አለች። ዓይኗ ውስጥ እንዲህ ያለ ንጹሕ ሐዘን አይቼ አላውቅም። አንድ አፍታ፣ እሙት አንድ አፍታ፣ አመንኳት። ቁልፉን ያሠራሁት እኔ፣ ድምፁ የኔ፣ ግን አመንኳት። ደም እየፈሰሰኝ እንደሆነ በምላሴ ፈተሽኩ፤ ጠብ የሚል የለም። ልቀየማት ብዬ ሞከርኩ፤ ማንን? ሄጄ ተቀመጥኩ።

አጠገቤ ከዘራ የያዙ፣ ቀድመው ታክመው የሚያርፉ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ከዘራውን በወሬ አውቀዋለሁ።

«አይዞሽ ልጄ፣ አትበሳጪ» አሉኝ ጉልበቴን መታ መታ አድርገው። «ማሽን ነው፣ ዘመድ አያውቅም። አሁን ወረፋው ወደ ፊት መሄድ ጀምሯል።» ቀና ብለው ድምፅ ማጉያውን በጥርጣሬ አዩት። «ይቺ ሴትዮ ግን ደረቅ ናት። ይቺን የሚያገባ ሰው ይኖራል?»

አፌ አልከፈት ብሎኛል። ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅኩ።